የማዋለጃ ክፍል ሞዴል አመራረጥ፦ ስሌቱን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሩ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎጃም ውስጥ አንድ ሆስፒታል የአዲስ ማዋለጃ ሕንፃ ንድፍ የሚያይ ኮሚቴ ሰብስቦ እኔም ተጠርቼ ነበር። ንድፉ ያምራል። ለያንዳንዷ እናት የራሷ ክፍል፣ የራሷ መታጠቢያ፣ ለአስታማሚ ሶፋ። በረጅም ኮሪደር ግራና ቀኝ 16 በር ተደርድሯል። አድንቀን ስናበቃ ጥግ የተቀመጡ አንጋፋ አዋላጅ አንድ ነገር ጠየቁ፦ «ማታ ስንት ነን?»

«ሁለት» አለች ሜትሮኗ፣ የነርሶቹ ኃላፊ።

«እንግዲያው አሥራ አራቱን በር ማን ይከፍተዋል?»

የሚመልስ ጠፋ። እኔም ንድፉን ሳይ ስለ በሩ አላሰብኩም ነበር፤ የታየኝ ቀለሙ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ማዋለጃ ክፍል የሚያማክረኝ ሰው ሲመጣ ስለ ሕንፃው ከማውራታችን በፊት የሌሊት ተረኞችን ዝርዝር እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ። የክፍል ሞዴል መምረጥ ማለት በሌሊቱ 8 ሰዓት ማን ማንን ያያል፣ ማንስ ወዴት ይሮጣል ብሎ መወሰን ነው። ግድግዳው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ፦ ሦስቱን ሞዴሎች ለዩ

አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው የተከፋፈለ ሞዴል ነው። እናት ምጧን በምጥ ክፍል ታሳልፋለች። የማህፀኗ አፍ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ወደ ማዋለጃው ትወሰዳለች፤ ከወለደች በኋላ ደግሞ ወደ ድህረ ወሊድ ክፍል ትሄዳለች። ቢያንስ ሦስት አልጋ ትቀያይራለች ማለት ነው።

ሁለተኛው በባለሙያዎች ዘንድ ኤልዲአር የሚባለው ነው። ምጡ፣ ወሊዱና ከወሊድ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሰዓታት በአንድ ክፍል፣ በአንድ አልጋ ያልፋሉ። እናትና ልጅ ከተረጋጉ በኋላ ብቻ ወደ ድህረ ወሊድ ክፍል ይዛወራሉ። የምትንቀሳቀሰው አንድ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ኤልዲአርፒ ይባላል። እናት ከገባችበት ክፍል ወደ ቤቷ እስክትሄድ አትወጣም። ያ የሚያምር ንድፍ ይህ ነበር።

ሁለቱ የኋለኞቹ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የተስፋፉት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ማዋለጃው ኦፕራሲዮን ክፍል መስሏል፣ ባል ውጭ ይቀመጣል፣ ልጅ ከእናቱ ተነጥሎ ሌላ ክፍል ይተኛል የሚለው ቅሬታ ነበር መነሻቸው። የእኛ ችግር ከዚያ ጋር አንድ አይደለም። እኛ ጋ ልጅ ድሮም ከእናቱ ጎን ነው የሚተኛው። የእኛ ችግር ምጧ የገፋ እናት በኮሪደር መሄዷ፣ ማዋለጃ አልጋዎች በመጋረጃ ብቻ ተለይተው መደርደራቸው፣ እናቷና እህቷም ከበር ውጭ መቅረታቸው ነው።

የኮሪደሩን ነገር ቀላል አታድርጉት። ሦስትና አራት የወለደች ሴት ከምጥ ክፍል አልጋዋ ወርዳ ማዋለጃው ሳትደርስ ልጁ ሊመጣ ይችላል። የተከፋፈለው ሞዴል ትልቁ ጉድለት እናትን የሚያንቀሳቅሳት ፈጽሞ መንቀሳቀስ በማይገባት ሰዓት መሆኑ ነው።

ቀጥሎ፦ መዝገቡን አውጡና ቁጠሩ

የወሊድ መዝገባችሁን የአንድ ሙሉ ዓመት አውጡ። የዓመቱ ድምር ብቻውን አይጠቅምም። የሚያስፈልጓችሁ አራት ነገሮች ናቸው፦ በቀን በአማካይ ስንት ወሊድ አለ፣ እናት ከገባች እስክትወልድ ስንት ሰዓት ትቆያለች፣ ከወለደች በኋላ ስንት ሰዓት ትተኛለች፣ በኦፕራሲዮን የሚወልዱትስ ስንት ናቸው።

ስትቆጥሩ የዛሬው ቁጥር እንዳያታልላችሁ። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2016 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት 48 በመቶ ደርሰዋል። በሦስት ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ለዛሬ ብቻ የተሠራ ማዋለጃ ሪባን ሲቆረጥለት ሞልቷል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በቀን የሚወልዱትን በሚቆዩበት ሰዓት አባዙና ለ24 አካፍሉ። የምታገኙት በማንኛውም ሰዓት በአማካይ የሚያዘውን አልጋ ብዛት ነው። ነገር ግን ምጥ ቀጠሮ አያከብርም፤ ዛሬ ሦስት ይመጣሉ፣ ነገ አሥራ ሦስት። ስለዚህ በአማካዩ ላይ የአማካዩን ካሬ ሩት ሁለት ጊዜ ደምሩ። ይህ ከ100 ጊዜ ከ95 በላዩን ያበቃችኋል።

በምሳሌ እንየው። በዓመት 2,920 እናቶች በማህፀን የሚወልዱበት ሆስፒታል እንበል፤ በቀን 8 መሆኑ ነው። እናት 8 ሰዓት በምጥ ትቆያለች፤ ለወሊዱ አንድ ሰዓት፣ ከወሊድ በኋላ ለቅርብ ክትትል 2 ሰዓት፣ ለጽዳት አንድ ሰዓት እንያዝ። በጠቅላላው 12 ሰዓት። ከዚያ በኋላ በድህረ ወሊድ 24 ሰዓት። የዓለም ጤና ድርጅት ያለ ችግር በማህፀን የወለደች እናት ቢያንስ 24 ሰዓት በጤና ተቋም እንድትቆይ ስለሚመክር ከዚህ በታች አትውረዱ።

በኤልዲአር፦ 8 በ12 ሲባዛ 96፤ ለ24 ሲካፈል 4። የ4 ካሬ ሩት 2 ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲደመር 8 ክፍል። ለድህረ ወሊድ ደግሞ አማካዩ 8 ነው፤ መጠባበቂያው ሲጨመር 14 አልጋ።

በኤልዲአርፒ፦ ቆይታው 36 ሰዓት ስለሆነ አማካዩ 12 ይሆናል፤ ከነመጠባበቂያው 19 ክፍል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አሥራ ዘጠኙም ክፍሎች ኦክስጅን፣ የማዋለጃ መብራት፣ የሕፃን ማሞቂያ ጠረጴዛና የማዋለጃ አልጋ ይፈልጋሉ። በኤልዲአር ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ለ8 ክፍል ብቻ ነው። ለአንድ ሙሉ የወሊድ ክፍል ከነዕቃው 30 ካሬ ሜትር ገደማ ብትይዙ 240 እና 570 ካሬ ሜትር እያነጻጸራችሁ ነው። ለአሥራ አራቱ ተራ አልጋዎች ለያንዳንዳቸው 8 ካሬ ሜትር ብትጨምሩ እንኳ ኤልዲአሩ ከ352 አያልፍም።

በተከፋፈለው፦ ለምጥ 6፣ ለማዋለጃ 3፣ ለድህረ ወሊድ 14 አልጋ ይወጣል። በቦታ ርካሹ ይህ ነው፤ በገንዘብ ብቻ የሚያስብ ሰው ወደዚህ ቢያደላ አይገርምም።

በኦፕራሲዮን የሚወልዱትን ለብቻ አስሉ። በቀን አንዲት እናት ኦፕራሲዮን ሆና 3 ቀን ብትተኛ ብቻዋን 7 አልጋ ትጠይቃለች። ይህን የረሱ ንድፎች አጋጥመውኛል፤ ውጤቱ ቁስሏ ያልደረቀ እናት ኮሪደር ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት ማየት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኤልዲአር የሚሠራው ምጧ ያልጠናውን እናት አስቀድማችሁ ካላስገባችሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ምጥ ጠና የሚባለው የማህፀን አፍ 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ነው። ከዚያ በፊት የመጣችውን ሁሉ ክፍል ከሰጣችሁ ስምንቱም ክፍል በሁለት ቀን ውስጥ በተኙና በሚጠባበቁ እናቶች ይሞላል። ነገር ግን ከሩቅ ቀበሌ በክረምት የመጣችን ሴት «ሂጂና ተመለሺ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሞዴሉ ከጎኑ መቆያ ቦታ ይፈልጋል፤ የእናቶች ማቆያ ቤት ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ በመቀበያው አጠገብ አራት አምስት አልጋ ያለው ክፍል። የጮቄ ተራራ ግርጌ መንገዶች በጭቃ በሚዘጉበት ወቅት የማቆያ ቤቱ አልጋ ምን ያህል እንደሚያዝ ለብቻው ቁጠሩ። ከማዋለጃው አልጋ ጋር ግን አትደምሩት።

ሌሊቱን በወረቀት ላይ አሳልፉ

የመመሪያው ልብ ይህ ነውና አትቸኩሉ።

ነጭ ወረቀት ወስዳችሁ የሌሊት ተረኞችን ስም ጻፉ። አዋላጅ ስንት? ጠቅላላ ሐኪም ወይም የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ግቢ ውስጥ ያድራል ወይስ ከቤቱ ይጠራል? ጽዳት አለች? ከዚያ ንድፉን ዘርግታችሁ በማንኛውም ሰዓት በአማካይ የሚጠበቁትን 4 እናቶች በየክፍላቸው አስቀምጡ።

ምጧ የጠና እናት የጽንሱ የልብ ምት በየ15 እስከ 30 ደቂቃ ይደመጣል። የምታምጥበት ደረጃ ስትደርስ በየ5 ደቂቃው ነው። የወለደችው ደግሞ በመጀመሪያው ሰዓት በየ15 ደቂቃው ደሟ፣ የማህፀኗ መጠንከር፣ የደም ግፊቷና የልብ ምቷ ይታያል። አሁን አንዷ እያማጠች ነው፣ አንዷ አሁን ወልዳለች፣ ሁለቱ በምጥ ላይ ናቸው በሉና ሁለት አዋላጆችን በእርሳስ አንቀሳቅሷቸው። የእርሳሱ መስመር ኮሪደሩን ካጠቆረው ንድፉ አይሆንም።

ቀጥሎ አንዷ ደም እንዲፈሳት አድርጉ። ደም የሚያቆመው መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲኑ፣ የት ነው? ፍሪጁስ? የደም መፍሰስ ዕቃው በአንድ ሳጥን ተሰብስቦ ከሁሉም ክፍል በእኩል ርቀት ተቀምጧል? ያቺ አዋላጅ እናቲቱን ሳትለቅ የሚሰማት ሰው አለ? በተከፋፈለው ሞዴል ሁሉም በአንድ አዳራሽ ስለሆኑ ድምፅ ይበቃል። ለእኔ የዚያ አሮጌ ሞዴል ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፣ ልክደው አልፈልግም። በር በበዛ ቁጥር ግን ደወል ያስፈልጋል፤ ደወሉ ደግሞ መብራት ሲጠፋም መሥራት አለበት።

ጨቅላው ሳይተነፍስ ከተወለደስ? በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ ማስተንፈሻ) ማስተንፈስ መጀመር አለበት። ስለዚህ የሕፃን ማሞቂያ ጠረጴዛው እናቲቱ ባለችበት ክፍል ውስጥ ይሁን፤ ሕፃን ይዞ በኮሪደር መሮጥ የለም። ሁለት ማሞቂያ ብቻ ላለው ሆስፒታል 19 ክፍል መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ማኔጅመንቱን ጠይቁልኝ።

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ያለውን መንገድ ደግሞ በእግራችሁ፣ ስትሬቸር እየገፋችሁ ሂዱበት። በንድፍ ላይ «ቅርብ» የተባለው ብዙ ጊዜ ደረጃ ወይም ዝናብ የሚመታው ክፍት መተላለፊያ አለበት። በሮቹ አልጋ ከነአስታማሚው የሚያሳልፉ፣ 1.20 ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ይሁኑ።

የሌሊት ተረኞቻችሁ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑና ኤልዲአር ካማራችሁ መፍትሔው የክፍሎቹ አቀማመጥ ላይ ነው። ረጅም ኮሪደሩን ተዉት። የአዋላጆቹን ጠረጴዛ መሐል አድርጋችሁ ክፍሎቹን በግማሽ ክብ ወይም በኤል ቅርጽ አስቀምጡ። በየበሩ ላይ በመጋረጃ የሚሸፈን ትንሽ መስታወት አድርጉ። ከጠረጴዛው ሳይነሱ የሁሉም ክፍል በር ካልታየ አርክቴክቱን መልሱት።

ገመናና ወገን

መመሪያዎች ይህን «የእናቶች እርካታ» ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል። እኛ አገር ግን ክፍሉን የሚሞላው እሱ ነው።

አንዲት ሴት ስታምጥ እናቷ፣ እህቷ፣ ጎረቤቷ «ማርያም ማርያም» እያሉ ከጎኗ መሆን ይፈልጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም እናት የመረጠችው ሰው በምጥና በወሊድ አብሯት እንዲሆን ይመክራል። አዋላጆቻችን አስታማሚን የሚያስወጡት በክፋት አይደለም። ሦስት አልጋ በመጋረጃ በተለየበት ክፍል የአንዷ አማች የሌላዋን ገመና ታያለች። ለየብቻ ክፍል ሲኖር ይህ ችግር ራሱ ይጠፋል፤ አማቿም ትገባለች። ለእኔ ኤልዲአርን ከተከፋፈለው የምመርጥበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ከወሊድ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አራስ ብቻዋን አትተውም። ያ ኮሚቴ ያደነቀው ባለ አንድ አልጋ ክፍል አራሷን ለብቻ ዘግቶ ማሳደር ነው፤ አለዚያም ቤተሰቡ ከነፍራሹ ተከትሏት ይገባል። ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት አልጋ ድህረ ወሊድ ክፍል ላይ እናቶች ተጨዋውተው ያድራሉ፤ ጡት ማጥባት ያቃታት የመጀመሪያ ልጅ እናት ከጎኗ ካለችው ልምድ ያላት አራስ ትማራለች፤ አንዷ ፊቷ ከገረጣ ሌላዋ ትጮሃለች። በሌሊት አንድ ተጨማሪ ዓይን ማለት ነው። ስለዚህ አልጋ በአልጋ ጠባብ ያልሆነ፣ ለያንዳንዷ አራስ ለአንድ አስታማሚ መቀመጫ ያለው የጋራ ክፍል ስሩ። ልጅ የሞተባት እናት ግን በምንም ምክንያት ከአራሶች መሐል እንዳትተኛ፤ ለእሷ አንድ ክፍል ከዚያው ዝርዝር ውስጥ ለዩ። ኢንፌክሽን ላለባትም እንዲሁ።

ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት ካሉ እናታቸው አብራ የምትተኛበት የካንጋሩ ክፍል ከጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ ጋር ይያያዝ። ገላ ለገላ መታቀፉ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት የሚዘልቅ ስለሆነ በወንበር ላይ ብቻ አይሆንም፤ አልጋ ይፈልጋል።

ውሃ፣ መብራት፣ ብርድና ዝናብ

ውሃ፦ ለአንድ ወሊድ 100 ሊትር አስቡ። በቀን 8 ወሊድ ካለ 800 ሊትር ለማዋለጃው ብቻ ነው። የቧንቧው ውሃ ስንት ቀን እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ፤ ሮቶውን በዚያ ልክ ቁጠሩ። መታጠቢያ ያለው ክፍል በበዛ ቁጥር ውሃ ሲጠፋ የሚሸተውም ክፍል ይበዛል።

መብራት፦ ጄኔሬተሩ የሚያነሳውን አምፖል ቁጠሩ። ኦክስጅናችሁ በኮንሰንትሬተር (ኦክስጅንን ከአየር በሚለይ የኤሌክትሪክ ማሽን) ከሆነ ጄኔሬተሩ ሳይነሳ በፊት ላሉት ደቂቃዎች ሲሊንደር ይኑር።

ብርድ፦ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሞጣና እንጅባራም በሐምሌ ሌሊት ምን እንደሚመስሉ ለነዋሪው አይነገርም። የማዋለጃ ክፍል ቢያንስ 25 ዲግሪ መሞቅ አለበት፤ እርጥብ ሆኖ የተወለደ ሕፃን በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዘቅዛል። ስምንት ክፍል ማሞቅና አሥራ ዘጠኝ ክፍል ማሞቅ አንድ አይደለም። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ወገን ላይ ግን ጭንቀታችሁ ነፋስ ማስገባት ነው።

ዝናብ፦ ይህን አርክቴክቶች አያውቁትም። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ላይ የክረምት ዝናብ ሲወርድ በፌቶስኮፕ የጽንስ ልብ መስማት አይቻልም። ኮርኒሱን በ«ቀጣይ ምዕራፍ» ውስጥ አታስገቡት።

በኖራ ስሉት

ከመፈረማችሁ በፊት የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ደረቅ ቦታ ፈልጉና አንዱን ክፍል በልኩ በኖራ መሬት ላይ ስሉት። እውነተኛ አልጋ፣ የሕፃን ጠረጴዛ፣ የመድኃኒት ትሮሊ፣ ለአስታማሚ ወንበር አስገቡ። አዋላጆቻችሁን ጥሩ፤ አንዷ እናት ትሁን። ወሊድ ተጫወቱ፣ ደም መፍሰስ ተጫወቱ፣ ስትሬቸር አስገብታችሁ አውጡ። ከአልጋው ራስጌ ሰው ቆሞ መሥራት ይችላል? በሁለቱም ጎን? ነፍሰ ጡር የሆነች ባልደረባ ካለቻችሁ መጸዳጃው በር ላይ ዞራ እንድታሳያችሁ ለምኗት።

ይህን ሳያደርጉ አርክቴክቱና ሥራ ተቋራጩ ብቻቸውን የወሰኑበትን ቦታ አይቻለሁ፤ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ያ ነው። የሕፃኑ ጠረጴዛ ከበሩ ኋላ ተገኘ፤ በሩ ሲከፈት ይመታዋል። ስህተቱ በኖራ ቢሆን ኖሮ በመጥረጊያ ይጠፋ ነበር።

እንግዲህ የትኛውን?

እኔን ከጠየቃችሁኝ፦

ለመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ በቀን ከሁለት ሦስት ወሊድ ለማያልፈው፣ ሦስት ወይም አራት ኤልዲአር ክፍል በአዋላጆች ጠረጴዛ ዙሪያና የጋራ ድህረ ወሊድ ክፍል ይበቃል። የተከፋፈለው ሞዴል እዚህ ምንም አያተርፍም።

ለአጠቃላይ ሆስፒታል፣ ፍኖተ ሰላም እንዳለው ዓይነት፣ ከላይ ያሰላነውን 8 ኤልዲአር ክፍልና 14 የድህረ ወሊድ አልጋ የሚመስል ድብልቅ። ከክፍሎቹ ሁለቱ ለደም ግፊትና ለደም መፍሰስ እናቶች ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ይሁኑ።

ከየወረዳው ሪፈር ለሚቀበል፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ላይ እንዳሉት ያለ ትልቅ ሆስፒታል፣ የቅርብ ክትትል አዳራሽ ከኤልዲአር ክፍሎች ጎን ያስፈልጋል። ተጎድታ የምትመጣው እናት በዝግ ክፍል ውስጥ መተኛት የለባትም፤ ዓይን ይብዛላት።

ኤልዲአርፒ የሚያዋጣው ለያንዳንዷ እናት የቀረበ አዋላጅ ላለው፣ ወሊዱም ጥቂት ለሆነ የግል ክሊኒክ ነው።

አዲስ ሕንፃ የሌላችሁ አትዘኑ። ሦስቱ የማዋለጃ አልጋዎች ባሉበት ክፍል መጋረጃውን አንስታችሁ በቀላል ግድግዳ ለዩት፤ ከሦስት አልጋ ሁለት ክፍል ታገኛላችሁ። ምጧ የጠናውን ከመጀመሪያው እዚያ አስገቡ። ለሦስት ወር ሞክሩትና በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ «ስንት ጊዜ ተዛወረች»። ቁጥሩ ከወረደ የቀረውን ክፍል በዚያው መንገድ ቀጥሉበት።

አንዲት ነገር ረስቼ ነበር። የገንፎና የቡና ክፍሉን ንድፍ ላይ አስቀምጡት፤ ካላስቀመጣችሁት ሴቶቹ ኮሪደሩ ላይ ያፈሉታል። ጭሱ ወደ ድህረ ወሊዱ መስኮት እንዳይገባ ደግሞ ነፋሱ በየትኛው ወገን እንደሚነፍስ አርክቴክቱን አትጠይቁት፤ ዘበኛው ያውቃል።